ለሰውነት የሚስማማ ብስክሌት፦ የፍሬም ልኬትን ተረድቶ ምቹ አቀማመጥን ለማስተካከል የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ላይ ብስክሌት የሚነዱ ብዙ ሰዎች በአንድ ዓይነት ችግር ይመላለሳሉ። በመጀመሪያ መዳፋቸው ይደነዝዛል፣ ከዚያ አንገታቸውና ወገባቸው ይይዛቸዋል፤ ጉልበታቸውም ማመም ሲጀምር መቀመጫውን ወደ ፊት ይገፋሉ፣ መሪውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ያ አልሆን ሲላቸው ደግሞ ወፍራም የስፖንጅ ልባስ ገዝተው መቀመጫው ላይ ይደርባሉ። እነዚህ እርምጃዎች በዘፈቀደ ሲወሰዱ ሕመሙን ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው ያዘዋውሩታል እንጂ አያጠፉትም። መቀመጫ የሚስተካከለው ለእግር ነው፤ መሪ የሚስተካከለው ለእጅ፣ ለጀርባና ለአንገት ነው። እግር ይቀድማል፣ እጅ ይከተላል። ከሁለቱም በፊት ግን ፍሬሙ ይለካል፤ ምክንያቱም መቀመጫና መሪ የሚንቀሳቀሱት ፍሬሙ በፈቀደላቸው ወሰን ውስጥ ብቻ ነው።

ብስክሌት ሊገዙ ያሰቡ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይፈጽሙ። ብስክሌቱ አስቀድሞ በእጅዎ ካለ ሁሉንም ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ፤ አንዱን ዘለው ወደ ሌላው አይሂዱ።

ዝግጅት

የሚከተሉትን ያዘጋጁ፦ የብረት ሜትር፣ ውሃ ልክ (ወይም ዘንበል መለኪያ ያለው ስልክ)፣ ቱንቢ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ቀጭን መጽሐፍ፣ እርሳስ፣ ፕላስተር፣ ጥቂት ግራሶ፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ፣ እንዲሁም ለቆዩ ብስክሌቶች 13 ቁጥር ቁልፍ። ቱንቢ ከሌለ በክር ጫፍ የታሰረ ከባድ ዳዶ በቂ ነው። አንድ ረዳት ሰው ያስፈልግዎታል፤ ብቻዎን ሆነው የሚወስዱት ልኬት ብዙ ጊዜ ይዛባል።

ቦታው ደልዳላ መሆን አለበት። የጎንደር ግቢዎች አብዛኛዎቹ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ፤ ኮብልስቶን የተነጠፈበት ግቢም ለዓይን ደልዳላ መስሎ ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ ውሃ ልኩን በሁለቱ ጎማዎች ቦታ ላይ ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ዘርግተው ይፈትሹት። ካዘነበለ በዝቅተኛው ጎማ ሥር ካርቶን ወይም ስስ ጣውላ ያስገቡ። በመጨረሻም ጎማዎቹን በሚነዱበት የአየር መጠን ይሙሏቸው፤ የጎደለ ጎማ የብስክሌቱን ቁመትም ዝንባሌም ይለውጣል።

አሁን ያለውን አቀማመጥ ሳይመዘግቡ አንድም ብሎን አይፍቱ። መቀመጫው የቆመበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፣ የመሪውንም ከፍታ ይጻፉ፤ ሥራው ቢበላሽ የሚመለሱበት መነሻ ይሆንዎታል።

ደረጃ 1፦ ሰውነትዎን ይለኩ

ጫማዎን አውልቀው ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው ቀጥ ብለው ይቁሙ። በእግሮችዎ መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ። የመጽሐፉን አንድ ጠርዝ ከግድግዳው ጋር አስደግፈው በእግሮችዎ መካከል ወደ ላይ ይግፉት፤ መቀመጫ ላይ ሲቀመጡ የሚሰማዎትን ያህል ብሽሽትዎን ሲጫን ያቁሙ። ረዳትዎ ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን ርዝመት ይለካል። ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ፤ በሦስቱ መካከል ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ እንደገና ይጀምሩ።

ይህን ልኬት ከዚህ በኋላ የእግር ቁመት እንለዋለን። የሱሪዎን ቁጥር በእርሱ ፋንታ አይጠቀሙ፤ የሱሪ የውስጥ ስፌት ከእውነተኛው የእግር ቁመት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ያጥራል፣ ያ ልዩነት ደግሞ መቀመጫውን ለጉልበት በሚጎዳ መጠን ዝቅ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ጉልበትዎን ሳያጥፉ ቀስ ብለው ወደ ፊት ያጎንብሱ። ጣቶችዎ ያለ ችግር መሬት የሚነኩ ከሆነ ጀርባዎ ረዘም ያለና ዝቅ ያለ ብስክሌት ይችላል። ከጉልበትዎ በታች ብዙም የማይወርዱ ከሆነ ከፍ ያለ መሪና አጠር ያለ ፍሬም ያስፈልግዎታል። ይህን ውጤት ከልኬቱ ጋር ይመዝግቡት፤ ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች ለአንድ ዓይነት ፍሬም የማይመቹት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 2፦ ፍሬሙን ይለኩ

ፍሬሙ ላይ የተለጠፈውን 17፣ 18 ወይም 20 የሚል ቁጥር አይመኑ። ቁጥሩ የሚናገረው መቀመጫው የሚገባበትን ቱቦ ርዝመት በኢንች ነው፤ እርሱንም አንዳንዱ አምራች እስከ ቱቦው ጫፍ፣ ሌላው እስከ ላይኛው ቱቦ መገናኛ መካከል ይለካዋል። መሪው ከእርስዎ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን ፈጽሞ አይነግርዎትም።

የሚያስፈልጉዎት ሁለት ልኬቶች ሲሆኑ ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ ነጥብ፣ ማለትም የፔዳሎቹ ክንዶች ከሚዞሩበት ኩሽኔታ መካከል ነው። ይህን ነጥብ የፔዳል ማዕከል እንበለው። ከዚህ ነጥብ እስከ የፊት ቱቦው (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ከሚያልፍበት አጭር ቱቦ) የላይኛው አፍ ድረስ ሽቅብ ያለው ርቀት በአምራቾች ሰንጠረዥ ስታክ ይባላል፤ በዚያው በሁለቱ ነጥቦች መካከል በአግድም ያለው ርቀት ደግሞ ሪች ይባላል።

ለመለካት ብስክሌቱን የፊት ጎማው ግድግዳ እንዲነካ አድርገው፣ መሪውን ቀጥ አድርገው፣ ረዳትዎ ሳያዘነብል እንዲይዘው ያድርጉ።

1. ከወለሉ እስከ ፔዳል ማዕከሉ ያለውን ከፍታ ይለኩ። ለምሳሌ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን።
2. ከወለሉ እስከ ፊት ቱቦው አፍ መካከል ያለውን ከፍታ ይለኩ። 89 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሲቀናነስ ስታኩ 59 ሴንቲ ሜትር ነው።
3. ቱንቢውን ከፊት ቱቦው አፍ ጎን አንጠልጥለው ወለሉን በሚነካበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ከፔዳል ማዕከሉም እንዲሁ ያድርጉ።
4. የሁለቱን ምልክቶች ከግድግዳው ያላቸውን ርቀት ይለኩ። የፔዳሉ 97፣ የፊት ቱቦው 57 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሪቹ 40 ሴንቲ ሜትር ነው።

ቱንቢው እስኪረጋ ይጠብቁ። በሚወዛወዝበት ጊዜ የተደረገ ምልክት በ1 ወይም በ2 ሴንቲ ሜትር ይስታል፤ በዚህ ሥራ ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር በወገብ ላይ የሚታወቅ ልዩነት ነው።

ከዚያም ስልክዎን በመቀመጫው ቱቦ ላይ አስደግፈው ዝንባሌውን በዲግሪ ያንብቡ፤ የፊት ቱቦውንም እንዲሁ ይለኩ። በመጨረሻ ጫማ ተጫምተው በላይኛው ቱቦ ላይ እግርዎን አንፈራጥጠው ይቁሙና ከቱቦው እስከ ብሽሽትዎ ያለውን ክፍተት ያረጋግጡ። ለአስፋልት ብቻ ከሆነ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ በኮብልስቶንና በጥርጊያ መንገድ ለሚነዳ ግን ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች እንዲሆን አልመክርም፤ ዳገት ላይ ድንገት ሲቆሙ እግርዎ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ዝቅ ባለው ወገን ነውና። ነጠላና ቀሚስ ለብሳ ለምትነዳ ሴት የላይኛው ቱቦው ወደ ታች የወረደ ፍሬም ይመረጣል፤ የስታክና የሪች ስሌቱ በዚያም አይለወጥም።

ደረጃ 3፦ ቁጥሮቹን ያንብቡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለው ያንብቡ።

ስታክ ከፍ ባለ መጠን መሪው ከፍ ይላል፣ ጀርባም ቀና ይላል። ሪች በረዘመ መጠን ሰውነት ወደ ፊት ይለጠጣል። ሁለቱን ለየብቻ ማየት አይበቃም፤ ስታኩን ለሪቹ ያካፍሉት። የታጠፈ መሪ ባላቸው የአስፋልት ብስክሌቶች ውጤቱ 1.4 አካባቢ ሲሆን ለውድድር የተሠራ፣ አጎንብሶ የሚነዳ ነው፤ 1.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ለረጅም ጉዞና ለምቾት ያደላ ነው። ስታኩ 57፣ ሪቹ 37.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍሬም 1.52 ይሰጣል፤ ስታኩ 54፣ ሪቹ 38.5 የሆነው ግን 1.40 ይሰጣል። በሪች የሚለያዩት በ1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም አንገትና ወገብ ግን ልዩነቱን ወዲያውኑ ይለዩታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ንጽጽር በአንድ ዓይነት ብስክሌቶች መካከል ብቻ ያድርጉ። በቅርብ ዓመታት የሚሠሩ የተራራ ብስክሌቶች ሪቻቸው ረጅም ሆኖ የመሪያቸው አንገት (መሪውን ከሹካው ጋር የሚያያይዘው ክፍል) አጭር ስለሆነ፣ ቁጥራቸውን ከአስፋልት ብስክሌት ጋር ማስተያየት ያሳስታል።

ሪች ብቻውን የማይነግርዎት ሌላም ነገር አለ። ሪች ቆመው ሲነዱ ያለውን ስፋት ያሳያል፤ ተቀምጠው ሲነዱ ግን መቀመጫው ከፔዳሉ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሆነም ይቆጠራል፣ ይህን የሚወስነው የመቀመጫ ቱቦው ዝንባሌ ነው። ስታኩ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ፍሬም ላይ ዝንባሌው ከ73 ወደ 72 ዲግሪ ቢቀንስ ከመቀመጫ እስከ መሪ ያለው ርቀት ከ1 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ መጠን ይረዝማል። ሪቻቸው እኩል የሆኑ ሁለት ብስክሌቶች በመቀመጫ ላይ እኩል የማይሰሙት በዚህ ነው።

ለጎንደር ነጂ ደግሞ ይህ ዝንባሌ ከሌላው ቁጥር ሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። በ100 ሜትር ርቀት 10 ሜትር የሚያስወጣ ዳገት ብስክሌቱን ወደ 6 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ያጋድመዋል። በሜዳ 73 ዲግሪ የነበረው የመቀመጫ ቱቦ ዳገቱ ላይ 67 ዲግሪ እንደሆነ ቱቦ ይሠራል፦ ሰውነት ከፔዳሉ ኋላ ይቀራል፣ ወገብ ይጎተታል፣ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይዋልላል። ወደ ጎሃ የሚወስደውን አቀበት ተቀምጦ የሚወጣ ሰው መሪውን በሙሉ ኃይሉ ወደ ራሱ የሚስበው ከድካም ብቻ አይደለም፤ ፍሬሙ ወደ ኋላ ስለሚጥለው ጭምር ነው። ስለዚህ በሁለት ፍሬሞች መካከል ሲመርጡ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ የመቀመጫ ቱቦው ይበልጥ የቆመውን (73 ዲግሪና ከዚያ በላይ) ይውሰዱ። ባሕር ዳር ላይ በለጥ ያለ ሜዳ ለዓመታት ያለ ችግር የተነዳ፣ ቱቦው በጣም የተጋደመ የከተማ ብስክሌት ጎንደር ሲመጣ ነጂውን የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

የፊት ቱቦው ዝንባሌ የሚመለከተው መሪ አያያዝን ነው። ቱቦው የቆመ ሲሆን (ከ72 እስከ 73 ዲግሪ) ብስክሌቱ ቶሎ ይታጠፋል፤ የተጋደመ ሲሆን በቁልቁለትና በኮብልስቶን ይረጋል፣ በዝግታ ሲወጣ ግን ከበድ ይላል። የሁለቱ ጎማዎች መራራቅም እንዲሁ መረጋጋትን ይጨምራል። ለምቾት ጉዳይ ይህን ያህል ካወቁ ይበቃል።

በዚህ ደረጃ ላይ ፍሬሙ ለእርስዎ የማይሆን መስሎ ከታየዎት አይግዙት። በተለይ ለልጅ «ያድግበታል» ተብሎ የሚገዛ ትልቅ ብስክሌት እንዳይገዙ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ፍሬኑን በደንብ የማይደርስበትና እግሩ መሬት የማይነካ ልጅ እስኪያድግ ድረስ የሚነዳው አደጋን ነው።

ደረጃ 4፦ የመቀመጫውን ከፍታ ያስተካክሉ

የእግር ቁመትዎን በ0.883 ያባዙ። ውጤቱ ከፔዳል ማዕከሉ እስከ መቀመጫው አናት፣ በመቀመጫ ቱቦው አቅጣጫ የሚለካ ርቀት ነው። የእግር ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 70.6 ሴንቲ ሜትር ያገኛል። ሌላው ስሌት የእግር ቁመቱን በ1.09 አባዝቶ ከታችኛው ፔዳል ዘንግ እስከ መቀመጫው አናት መለካት ነው፤ ለዚያው ሰው 87.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የፔዳሉ ክንድ ርዝመት (165፣ 170 ወይም 175 ሚሊ ሜትር ተብሎ አብዛኛውን ጊዜ ከክንዱ ጀርባ ይጻፋል) ስለሚለያይ ሁለተኛው ይበልጥ ያስተማምናል። ሁለቱ ስሌቶች በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢለያዩ አይጨነቁ፤ ዝቅ ካለው ይጀምሩ።

የመቀመጫውን ዘንግ (መቀመጫውን ይዞ ወደ መቀመጫ ቱቦው የሚገባውን) ከማንቀሳቀስዎ በፊት አውጥተው ይጥረጉት፣ ስስ ግራሶ ይቀቡት፣ ከዚያ ይመልሱት። ዘንጉ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ምልክት ፈጽሞ ከቱቦው ውጭ እንዳይታይ። የሚፈልጉት ከፍታ ከምልክቱ የሚያልፍ ከሆነ ረዘም ያለ ዘንግ ይግዙ፤ ያለዚያ ዘንጉ ወይም ፍሬሙ ይሰበራል። አዲሱን ሲገዙ በዘንጉ ላይ የተጻፈውን ውፍረት (ለምሳሌ 25.4 ወይም 27.2) በትክክል ይዛመዱ። የ0.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀጭኑ ዘንግ በኮብልስቶን ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ክፍተቱን በተቆረጠ ጣሳ መሙላትም ለጥቂት ቀን ብቻ የሚያገለግል ማታለያ ነው።

ከዚያ በዓይን ያረጋግጡ። ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡና ተረከዝዎን በታችኛው ፔዳል ላይ ያድርጉ፤ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት፣ ዳሌዎ ግን ወደ ጎን መውረድ የለበትም። የእግርዎን ፊተኛ ክፍል ወደ ፔዳሉ ሲመልሱት ጉልበትዎ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል።

ካልሆነ፦ ረዳትዎ ከኋላ ሆኖ ይመልከትዎ። ፔዳል ሲመቱ ዳሌዎ ወደ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ መቀመጫውን በ5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያድርጉ። የጉልበት ፊተኛው ወገን የሚያምዎ ከሆነ ብዙ ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሏል፤ የጉልበት ኋለኛው ወገን ከሆነ ከፍ ብሏል። ዘንጉ ዝጎ ቢይዝ ዝገት አላቃቂ ዘይት በመገናኛው አፍስሰው እስከ ማግስቱ ይተዉት። በትልቅ የቧንቧ ቁልፍ እየጠመዘዙ አያስገድዱት፤ ቱቦው ይጠመዘዛል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ያደረ ብስክሌት በዚህ በኩል በተለይ ያስቸግራል።

ደረጃ 5፦ የመቀመጫውን ዝንባሌና የፊትና የኋላ ቦታ ይወስኑ

በመጀመሪያ መቀመጫውን በውሃ ልክ አግድም ያድርጉት። አፍንጫው ወደ ላይ ከሆነ የብልት አካባቢ ይደነዝዛል፤ ወደ ታች ከሆነ ሰውነት እየተንሸራተተ ክብደቱ ሁሉ በመዳፍ ላይ ያርፋል። ከአግድሙ 1 ወይም 2 ዲግሪ ወደ ታች ቢያዘነብል ይፈቀዳል፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገዎት ችግሩ ያለው መሪው ላይ ነው።

ቀጥሎ የፔዳሎቹን ክንዶች በአግድም ያቁሙና ቱንቢውን ከፊተኛው እግር ጉልበት፣ ከሎሚው ሥር ካለው አጥንት ያንጠልጥሉ። ክሩ በፔዳሉ ዘንግ ላይ ወይም ትንሽ ከኋላው ሲወድቅ ጥሩ መነሻ ነው። መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ አብዛኛው መንገድዎ ዳገት ከሆነ ከዚህ ቦታ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ቢገፉት ከላይ የተገለጸውን ወደ ኋላ መጋደም በከፊል ያካክሳል።

መቀመጫውን በ1 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲገፉ ወደ ፔዳሉም በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀርባል፤ ስለዚህ ዘንጉን በዚያው መጠን ከፍ ያድርጉ። ወደ ኋላ ሲስቡት ዝቅ ያድርጉ። ይህን ማካካሻ መርሳት በደረጃ 4 የተሠራውን ሥራ ያበላሻል።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ፦ መሪው ስለራቀብዎ መቀመጫውን ወደ ፊት አይሳቡ። እጅዎ ለጊዜው ያርፋል፤ ጉልበትዎ ግን ከፔዳሉ አልፎ ወደ ፊት ስለሚሄድ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሕመሙ ወደዚያ ይዛወራል። የመሪ ርቀት የሚፈታው በሚቀጥለው ደረጃ ነው።

ደረጃ 6፦ የመሪውን ከፍታና ርቀት ያስተካክሉ

በከተማ ውስጥ ለሚነዳና ጀርባው ብዙም ለማይለጠጥ ሰው መሪው ከመቀመጫው እኩል ወይም እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ይሁን። ለረጅም ጉዞ፣ ለምሳሌ በአዘዞ በኩል ወደ ማክሰኝት ለሚነዳ፣ እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ ይሻላል፤ ነፋስን ይቀንሳል፣ ክብደትንም በመቀመጫና በእጅ መካከል ያከፋፍላል። ቁልቁለት ሲወርዱ ሰውነት በራሱ ወደ ፊት ስለሚጫን መሪውን ከዚያ በላይ ዝቅ ማድረግ ለጎንደር መንገድ አይመከርም።

አሠራሩ እንደ መሪው አንገት ዓይነት ይለያያል።

በቆየ ብስክሌት ላይ አንገቱ ወደ ሹካው ውስጥ የሚገባ ዘንግ ነው። ላዩ ላይ ያለውን ብሎን ጥቂት ዙር ብቻ ይፍቱ፤ ብሎኑ ላይ እንጨት አድርገው በመዶሻ ቀስ ብለው መታ ያድርጉት፣ ውስጡ ያለው ማጥበቂያ ይለቃል። ወደሚፈለገው ከፍታ ይሳቡት። የመጨረሻው ምልክት ከታየ አልፈዋል፣ ይመልሱት፤ ምልክቱ ታይቶ የተነዳ መሪ ቁልቁለት ላይ ሊነቀል ይችላል።

በአዲሱ ዓይነት ላይ አንገቱ ሹካውን ከውጭ አቅፎ ይይዛል፣ ከፍታውም የሚለወጠው ከሥሩና ከላዩ ያሉትን ቀለበቶች በማቀያየር ነው። ቀለበት ከላይ ወደ ታች ሲያዛውሩ መሪው ከፍ ይላል፣ የፊት ቱቦው ስለተጋደመም በእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ እርስዎ ይቀርባል። ሲገጥሙ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ መጀመሪያ የላይኛውን ክዳን ብሎን ሹካው ሳይንገጫገጭ በነጻነት እስኪዞር ብቻ ያጥብቁ፣ ቀጥሎ አንገቱን ከጎማው ጋር ያስተካክሉ፣ በመጨረሻ የጎን ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሽ ያጥብቁ። የጎኖቹን አስቀድሞ ያጠበቀ ሰው ክዳኑን ቢያጠብቅ ምንም አይሠራም፤ የፊት ፍሬን ሲይዝ ሹካው የሚንኳኳው በዚህ ስህተት ነው።

ርቀቱን ለመቀየር ቀለበት ብቻ ካልበቃ አጠር ያለ አንገት ይግዙ። 100 ሚሊ ሜትሩን በ80 መለወጥ ለብዙ ሰው የአንገትና የትከሻ ሕመምን ያስወግዳል። ከዚህም በላይ በጣም አጭር አንገት ካስፈለገዎት ፍሬሙ ራሱ ረዝሞብዎታል።

የሁለቱም ዓይነት አደጋ የፍሬን ገመድ ነው። መሪውን ከፍ ካደረጉ በኋላ እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙረው ገመዶቹ እንደማይወጠሩ ይመልከቱ። ከተወጠሩ ገመድና ሽፋኑን በረጅሙ ሳይቀይሩ አይንዱ፤ መሪ ሲታጠፍ ራሱን የሚይዝ ፍሬን ሰው ይጥላል። የፍሬን እጀታዎቹንም ክርንዎን ጥቂት አጥፈው ሲይዟቸው የእጅ አንጓዎ ሳይሰበር ከክንድዎ ጋር ቀጥ እንዲል አድርገው ያዙሩ።

ደረጃ 7፦ በመንገድ ላይ ይፈትኑ

ብሩጎላዎቹን ይዘው ይውጡ። ለፈተና የሚመቸው መንገድ ቁልቁለትም ዳገትም በአንድነት ያለበት ነው፤ ከፒያሳ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ወርደው ከዚያ ወደ ቁስቋም አቅጣጫ መውጣት ሁለቱንም ይሰጥዎታል። መጀመሪያ በሜዳ ቦታ ሁለቱንም ፍሬኖች ይሞክሩ።

ሲወርዱ መዳፍዎን ያዳምጡ። ክብደትዎ በእጅዎ ላይ ከተከመረ በመጀመሪያ የመቀመጫውን ዝንባሌ፣ ቀጥሎ የመሪውን ከፍታ ይመልከቱ። ሲወጡ ሦስት ነገር ያስተውሉ፦ ወደ መቀመጫው ጭራ ይንሸራተታሉ ወይ፣ የፊት ጎማው ይቀልብዎታል ወይ፣ ወገብዎ ይጎተታል ወይ። ሦስቱም ካሉ መቀመጫውን በ5 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይግፉ፣ ከፍታውንም ያካክሱ። የትንሹና የቀለበት ጣትዎ ብቻ የሚደነዝዙ ከሆነ በመዳፉ የውጭ ጠርዝ የሚያልፈው ነርቭ እየተጫነ ነው፤ አያያዝዎን ይቀያይሩ፣ የእጀታዎቹንም አቅጣጫ ያስተካክሉ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ ከ5 ሚሊ ሜትር አይለፉ፣ ሌላ ለውጥ ከማድረግዎ በፊትም ለጥቂት ቀናት በዚያው ይንዱ። ሁለት ነገር አብረው ከተለወጡ የትኛው እንደረዳ የትኛው እንደጎዳ አይታወቅም። ደግሞም ሁሉን በፍሬም አያሳብቡ፤ ኮብልስቶን ላይ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ከተነፋ ጎማ ነው። በጎማው ጎን ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን ሳያንሱ አየሩን ትንሽ ቀንሰው ይሞክሩ።

ድንዛዜው ከብስክሌት ከወረዱ በኋላ ሰዓታት የሚቆይ ከሆነ፣ ወይም ጉልበትዎ ካበጠ፣ ማስተካከሉን አቁመው ሐኪም ያማክሩ።

ደረጃ 8፦ ያጥብቁ፣ ይመዝግቡ፣ ወይም ፍሬሙን ይለውጡ

አቀማመጡ ሲስማማዎት በመቀመጫው ዘንግ ላይ ከቱቦው አፍ እኩል ፕላስተር ይጠምጥሙ። ከፔዳል ማዕከል እስከ መቀመጫ አናት፣ ከመቀመጫ አፍንጫ እስከ መሪ መካከል፣ ከወለል እስከ መሪ ያሉትን ሦስት ልኬቶች ይጻፉና ያስቀምጡ፤ ብስክሌቱን ለሌላ ሰው ቢያውሱ ወይም ለጥገና ቢሰጡ ወደ ልኩ የሚመልሱት በእነርሱ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ የመቀመጫውንና የመሪውን ብሎኖች እንደገና ይፈትሹ፤ ኮብልስቶን የላላውን ብሎን ቶሎ ያጋልጣል።

ፍሬሙ ልክዎ አለመሆኑን የሚያረጋግጡ ምልክቶች ጥቂት ናቸው፦ መቀመጫው በሐዲዱ (ከሥሩ ባለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚንሸራተትበት ብረት) መጨረሻ ላይ ደርሶም ጉልበት ቦታውን ካላገኘ፣ ዘንጉ ምልክቱ ላይ ደርሶም እግር ካልተዘረጋ፣ ወይም አጭሩ አንገትና ከፍተኛው ቀለበት ተገጥሞም ወገብ ከተለጠጠ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ተጨማሪ ዕቃ በመግዛት ገንዘብ አያባክኑ። ብስክሌቱን ይሽጡት ወይም ለሚሆነው ሰው ይለዋወጡት፤ ቀጣዩን ሲመርጡ አሁን በያዙት ፍሬም ላይ የለኩትን ስታክና ሪች ይዘው ይሂዱ፣ የረዘመብዎት በስንት እንደሆነ ያውቁታልና ያንኑ ያህል የሚያጥረውን ይፈልጉ።